የአውሮፕላን ሞተር ጭስ ከርቀት እንዴት ይለካል?

አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ከማቆሚያው ተነሥቶ ወደ መንደርደሪያው ያዘግማል። ከኋላው ጥቁር ጭስ አይታይም፤ የሚታየው በሙቀት የሚንቀጠቀጥ አየር ብቻ ነው። ነፋሱ ወደ አጥሩ ሲዞር ግን በአቅራቢያው ያለ ሰው የነጭ ጋዝ ዓይነት ሽታ ይሸተዋል። ዓይን ያላየውን አፍንጫ አገኘው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሽታው የትኛው ጋዝ እንደ ወጣ፣ ምን ያህል እንደ ሆነና ከየትኛው አውሮፕላን እንደ መጣ አይናገርም።

ይህን ለማወቅ ሞተሩ ዘንድ ቀርቦ የመለኪያ ቱቦ መደቀን በሥራ ላይ ባለ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሞከር አይደለም። የጄት ሞተር ትንፋሽ ሰውን አንሥቶ የመጣል ኃይል አለው፤ ሙቀቱም ያቃጥላል። አውሮፕላኑ ደግሞ የበረራ ሰዓቱን ጠብቆ የሚሄድ ነውና ለልኬት ተብሎ አይቆምም። ተመራማሪዎች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ጭሱን ሳይነኩ፣ ጭሱ የሚሰጠውን ወይም የሚያስቀረውን ብርሃን ከሩቅ ሆነው ማንበብ ነው። ይህ ጽሑፍ ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንዳሳየና በአውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ ለሚኖር ሰው ምን ትርጉም እንዳለው ያብራራል።

በጭሱ ውስጥ ምን አለ?

የጄት ነዳጅ ከነጭ ጋዝ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ነዳጁ በሞተሩ ውስጥ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ሲነድ ከሁሉ በላይ የሚወጡት ሁለት ነገሮች ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውኃ ተን ናቸው። አንድ ኪሎ ግራም ነዳጅ ሲቃጠል 3.16 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እና 1.24 ኪሎ ግራም ያህል የውኃ ተን ይወጣል። ከአንድ ኪሎ ከአራት ኪሎ በላይ መውጣቱ ግር ሊያሰኝ ይችላል። ምክንያቱ ነዳጁ ሲነድ ከአየር ኦክስጅን ስለሚወስድ ነው፤ የተጨመረው ክብደት የኦክስጅኑ ነው።

ከእነዚህ ሌላ በመጠን ያነሱ፣ በጤና ላይ ግን የከበዱ አራት ዓይነት በካዮች አሉ። የመጀመሪያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ለሚተኙ ሰዎች ሞት ምክንያት የሚሆነው ጋዝ እርሱ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። ሁለተኛው ሳይነድ የቀረ የነዳጅ ተን ነው፤ የነጭ ጋዙ ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሦስተኛው የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ናቸው። እነዚህ የሚፈጠሩት በአመዛኙ ከነዳጁ ሳይሆን በሞተሩ ከፍተኛ ሙቀት የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ሲዋሐዱ ነው። አራተኛው ጥቃቅን ብናኝ ነው። ከጄት ሞተር የሚወጣው ብናኝ በአብዛኛው ከ0.1 ማይክሮን ያነሰ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል መሆኑን ለሚያስብ፣ ብናኙ ከጠጉሩ ሰባት መቶ ጊዜ ያህል የቀጠነ ነው። በዚህ የተነሣ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይደርሳል።

በዝግታ የሚነድ ሞተር የበለጠ ይበክላል?

ብዙ ሰው አውሮፕላን አብዝቶ የሚበክለው እያጓራ ሲነሣ ይመስለዋል። መልሱ ግን በየትኛው ጋዝ ላይ እንደምንናገር ይለያያል።

ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ውስጡ እጅግ ይሞቃል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ነዳጁ ጨርሶ ስለሚነድ ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልነደደ ነዳጅ በጣም ጥቂት ይሆናል። በአንጻሩ ያው ከፍተኛ ሙቀት የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ያበዛል። አውሮፕላኑ በመሬት ላይ ሲያዘግም ወይም ተራ ሲጠብቅ፣ የመኪና ሾፌሮች «ሚኒሞ» በሚሉት ዓይነት ዝቅተኛ ጉልበት ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የሞተሩ ውስጥ ቀዝቀዝ ስለሚል ነዳጁ በሚገባ አይነድም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኪሎ ነዳጅ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልነደደ ነዳጅ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። እርጥብ እንጨት የገባበት ምድጃ ነበልባሉ ሲቀንስ ጭሱ እንደሚበዛ ሁሉ፣ በሞተርም ዘንድ ደካማ እሳት ያላለቀ ቃጠሎ ያመጣል።

ይህ ልዩነት በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) አውሮፕላን በማረፊያ አካባቢ የሚያደርገውን እንቅስቃሴ በአራት ደረጃዎች ከፍሎ ይመለከታል፤ የሚቆጥረውም እስከ 3,000 ጫማ ከፍታ፣ ማለትም ከመሬት እስከ 915 ሜትር ገደማ ያለውን ነው። ለመነሣት በሙሉ ጉልበት 0.7 ደቂቃ፣ ከፍታ ለመያዝ በ85 በመቶ ጉልበት 2.2 ደቂቃ፣ ለማረፍ በ30 በመቶ ጉልበት 4 ደቂቃ፣ በመሬት ላይ ለመጓዝና ለመቆም ደግሞ በ7 በመቶ ጉልበት 26 ደቂቃ ተመድቧል። ከጠቅላላው 32.9 ደቂቃ አብዛኛው በመሬት ላይ፣ በደካማ እሳት የሚያልፍ ነው። ያ ጊዜ ደግሞ አውሮፕላኑ ለጫኝና አውራጅ ሠራተኛው፣ ለተሳፋሪውና ለአጥር ጎረቤቱ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርብበት ጊዜ ነው።

መዝገቡና መሬት ላይ ያለው እውነታ

ማንኛውም ትልቅ የጄት ሞተር ለአገልግሎት ከመዋሉ በፊት የጭስ ፈተና ማለፍ አለበት። ኢካኦ የመጀመሪያውን የሞተር ልቀት መስፈርት ያወጣው እ.ኤ.አ በ1981 ነው። መስፈርቱ የሚታይ ጭስን፣ ያልነደደ ነዳጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ይገድባል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ለጥቃቅን ብናኝ ገደብ ተጨምሮበታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ1944 ለድርጅቱ መመሥረት መሠረት የሆነውን የቺካጎ ስምምነት ከፈረሙ አገሮች አንዷ ናት።

ፈተናው የሚካሄደው በሞተር መሞከሪያ ሥፍራ ነው። ሞተሩ ከአውሮፕላኑ ተለይቶ ይታሰራል፤ በጭሱ መውጫ ላይ የናሙና መውሰጃ ይደቀናል፤ አራቱ የጉልበት ደረጃዎች በየተራ ይሞከራሉ። ውጤቱ በባሕር ጠለል ከፍታና በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደ ተለካ ተደርጎ ይስተካከልና በሕዝብ ዘንድ በሚገኝ የሞተሮች ልቀት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። አውሮፕላን ማረፊያዎች በዓመት ምን ያህል በካይ እንደሚወጣባቸው ሲያሰሉ የሚጠቀሙት በዚህ መዝገብ ነው። የስዊዘርላንዱ ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ ከ1997 ጀምሮ እንዳደረገው፣ አብዝቶ ለሚበክል ሞተር ከፍ ያለ የማረፊያ ክፍያ የሚጠየቅባቸው ቦታዎችም አሉ። ስለዚህ የመዝገቡ ቁጥር ከጤናም ከገንዘብም ጋር የተያያዘ ነው።

ችግሩ መሬት ላይ ያለው ሞተር ሁልጊዜ መሞከሪያ ላይ እንደ ነበረው ሞተር አለመሆኑ ነው። ለዓመታት ያገለገለ ይሆናል። አብራሪው በሚያዘግምበት ጊዜ የሚጠቀመው ጉልበት በትክክል 7 በመቶ አይሆንም፤ አንዳንዱ ከዚያ ያነሰ ይጠቀማል፤ ጉልበቱ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ያልነደደው ይበዛል። የአየሩ ሙቀት፣ እርጥበትና የቦታው ከፍታም ይለያያል። 26 ደቂቃ ተብሎ የተመደበው ጊዜ በአንዱ ማረፊያ 10 ደቂቃ፣ በሌላው 40 ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ከርቀት የመለካት አስፈላጊነት የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ሞተሩ በሥራው ላይ እንዳለ፣ በቦታውና በሰዓቱ የሚያወጣውን ለማወቅ።

ጋዝ በብርሃን ይለያል

እያንዳንዱ ጋዝ ከብርሃን ጋር ያለው ግንኙነት የራሱ መልክ አለው። በዓይን የማይታየው፣ የሙቀት ጨረር የምንለው ታሕተ ቀይ ጨረር (ኢንፍራሬድ) በጋዝ ውስጥ ሲያልፍ ጋዙ የተወሰኑ የጨረር ሞገዶችን ለይቶ ይውጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 4.3 ማይክሮን አካባቢ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ 4.7 ማይክሮን አካባቢ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ 5.3 ማይክሮን አካባቢ ያለውን ይውጣሉ። የአየሩ ዋና ክፍሎች የሆኑት ናይትሮጅንና ኦክስጅን ግን ይህን ጨረር ያሳልፉታል። ስለዚህ የጎደለውን ሞገድ ያየ ባለሙያ፣ በመንገዱ ላይ የትኛው ጋዝ እንደ ነበረ የጣት አሻራ እንደሚያነብ መርማሪ ይለያል፤ ምን ያህል እንደ ጎደለ በማየትም መጠኑን ያሰላል።

በዚህ መርሕ ላይ የተመሠረቱ ዋና ዋና ዘዴዎች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የጭሱን የራሱን ጨረር መቀበል ነው። የጋለ ብረት ሙቀቱ ከሩቅ እንደሚሰማ፣ ከሞተር የሚወጣ ትኩስ ጋዝም የራሱን ታሕተ ቀይ ጨረር ይረጫል። ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ በአጉሊ መነጽር እየታገዘ ከበርካታ አሥር ሜትሮች ርቀት የሞተሩን መውጫ ያነጣጥራል፤ የመጣውንም ጨረር በየሞገዱ ይበትነዋል። ለዚህ ሥራ የሚውለው ዓይነት ኤፍቲአይአር በሚል ምሕፃር ይታወቃል። መብራት አያስፈልገውም፤ አውሮፕላኑንም አያውክም።

ሁለተኛው ጨረር ማሻገር ነው። በአንድ ወገን የታሕተ ቀይ ጨረር ምንጭ፣ በሌላው ወገን ተቀባይ ይተከላል። ጨረሩ አውሮፕላኑ ከሚያልፍበት ወይም ከሚቆምበት ቦታ በስተኋላ ተሻግሮ ይሄዳል። ጭሱ በጨረሩ ላይ ሲያልፍ ጋዞቹ ድርሻቸውን ይውጣሉ። ይህ ዘዴ ለቀዘቀዘና ለተበተነ ጭስ ጭምር ያገለግላል።

ሦስተኛው በዚሁ አሠራር፣ ነገር ግን በሐምራዊው ብርሃን ወዲያ ባለው አልትራቫዮሌት ጨረር መጠቀም ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በዚህ ጨረር ይበልጥ ጎልተው ይታያሉ።

አራተኛው ሊዳር ነው። አጫጭር የሌዘር ብልጭታዎች ወደ ጭሱ ይላካሉ፤ ብናኙ ላይ አርፎ የተመለሰው ብርሃን የፈጀው ጊዜ ርቀቱን፣ ጥንካሬው ደግሞ የብናኙን ብዛት ያመለክታል። ሊዳር ጭሱ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ፣ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ በሥዕል ለማሳየት ይጠቅማል።

ምሥጢሩ ያለው በጥምርታው ላይ ነው

ጭስ ከሞተሩ እንደ ወጣ በነፋስ ይቀጥናል። መሣሪያው አጠገብ ሲደርስ መቶ ጊዜ ቀጥኖ ይሁን ሺህ ጊዜ፣ አስቀድሞ አይታወቅም። ታዲያ ከሩቅ የተለካው ቁጥር ሞተሩ ላይ ከወጣው ጋር እንዴት ይገናኛል?

መልሱ ቀላል ነው። ጭሱ ሲቀጥን ሁሉም ጋዞች አብረው ይቀጥናሉ። በጎድጓዳ ሰሐን ውስጥ ያለ ወተት ውኃ ሲጨመርበት ወተቱ ቢቀጥንም፣ በውስጡ ያለው ስብና ስኳር እርስ በርሳቸው ያላቸው ምጣኔ አይለወጥም። በተመሳሳይ መንገድ ባለሙያዎች በካዩን ብቻውን አይለኩም፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አነጻጽረው ይለኩታል። ከአንድ ኪሎ ነዳጅ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 3,160 ግራም ያህል መሆኑ ስለሚታወቅ፣ ጥምርታው ከተገኘ የበካዩ መጠን በቀጥታ ይወጣል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መሣሪያው በጭሱ ውስጥ ለ1,000 የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎች 15 የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውሎች አገኘ እንበል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውል ክብደት 28፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ 44 ነው። 15 በ28 ሲባዛ 420 ይሆናል፤ 1,000 በ44 ሲባዛ 44,000 ይሆናል። 420 ለ44,000 ተካፍሎ በ3,160 ሲባዛ 30 ግራም ያህል ይመጣል። ይህም ማለት ሞተሩ ለሚያቃጥለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ነዳጅ 30 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ቁጥር የልቀት መጠቆሚያ ይባላል፤ ከኢካኦ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን የሚነጻጸረውም እርሱ ነው።

ስሌቱን አንድ እርምጃ ወደ ፊት መውሰድ ይቻላል። ሁለት ሞተር ያለው መካከለኛ አውሮፕላን በዝቅተኛ ጉልበት እያንዳንዱ ሞተሩ በሴኮንድ 0.1 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያቃጥላል ብንል፣ በ26 ደቂቃ ውስጥ 312 ኪሎ ግራም ነዳጅ ይነዳል። በኪሎ 30 ግራም ሲታሰብ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ 9.4 ኪሎ ግራም ያህል ነው። እውነተኛው መጠቆሚያ 45 ሆኖ ቢገኝ ግን 14 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በቀን መቶ አውሮፕላን በሚስተናገድበት ቦታ ልዩነቱ በየቀኑ 468 ኪሎ ግራም ይሆናል። የመጠቆሚያው ትክክለኛነት የሚያሳስበው ስለዚህ ነው። በሌላ በኩል አውሮፕላኑ በመሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ በግማሽ ቢቀንስ፣ ከ9.4 ኪሎ ግራሙ ግማሹ ይቀራል።

የአንድ ቀን የመስክ ሥራ

ከርቀት መለካት የሚጀምረው በፈቃድ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ጥብቅ ጥበቃ ያለበት ስለሆነ መሣሪያው የት እንደሚተከል ከማረፊያው አስተዳደርና ከደኅንነት ክፍሉ ጋር ይወሰናል። መሣሪያው የአውሮፕላኖችን መንገድ መዝጋት፣ መብራቱም አብራሪን ማወክ የለበትም።

ቀጥሎ የነፋሱ አቅጣጫ ይታያል። እህል የሚያዘራ ገበሬ ገለባው ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ መንሹን እንደማያነሣ ሁሉ፣ ለኪውም ጭሱ ወደ ጨረሩ የሚመጣበትን ወገን ሳያውቅ አይተክልም። ከዚያ አውሮፕላን ሳይኖር ንጹሑ አየር ይለካል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በከባቢ አየር ውስጥ ሁልጊዜ ስላለ፣ ከጭሱ የመጣውን ለማወቅ ነባሩ መቀነስ አለበት።

አውሮፕላኑ ሲመጣ ሰዓቱ፣ የነፋሱ ፍጥነት፣ የአየሩ ሙቀትና በአውሮፕላኑ ላይ የተጻፈው የምዝገባ ምልክት ይያዛል። በምልክቱ አማካይነት አውሮፕላኑ የትኛውን የሞተር ዓይነት እንደ ተሸከመ ከመዝገብ ይወጣል። በመጨረሻ የተለካው መጠቆሚያ ለዚያው ሞተር በመዝገብ ከሰፈረው ጋር ይነጻጸራል። አንድ ልኬት ብቻውን አይታመንም፤ የአንድ ሞተር ዓይነት ጠባይ የሚታወቀው ብዙ አውሮፕላኖች በተለያየ ቀን ከተለኩ በኋላ ነው።

በተለያዩ ማረፊያዎች ምን ታየ?

ዘዴው ሥሩ በመኪና ጭስ ላይ ነው። በአሜሪካ የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት የነበሩት ዶናልድ ስቴድማንና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ መጨረሻ መኪና በመንገድ ላይ ሲያልፍ ጭሱን በጨረር የሚለካ መሣሪያ ሠሩ። ይኸው የዩኒቨርሲቲው ቡድን ዘዴውን ወደ አውሮፕላን በማሸጋገር በለንደኑ ሂትሮው ማረፊያ የናይትሪክ ኦክሳይድ ልቀትን ለክቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ በ1999 አሳተመ። በጀርመን ጋርሚሽ ፓርተንኪርኽን የነበሩ ተመራማሪዎችም ከ1990ዎቹ ጀምሮ በኤፍቲአይአር የሞተር ጭስን ከርቀት ለክተው ከኢካኦ መዝገብ ጋር አነጻጽረዋል። ልኬቶቹ ከመዝገቡ ጋር የሚቀራረቡበት ጊዜ አለ፤ በተለይ በዝቅተኛ ጉልበት በካርቦን ሞኖክሳይድ ላይ ደግሞ ልዩነት ታይቷል።

የዙሪክ ጥናት ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ በ2007 በታተመው በዚህ ጥናት በተሳፋሪ ሕንፃዎቹ አካባቢ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአውሮፕላኖች እንቅስቃሴ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ሲል ተገኝቷል። ናይትሪክ ኦክሳይዱ ግን በአመዛኙ የመጣው ከአውሮፕላኖች ሳይሆን ሻንጣ ከሚጎትቱ፣ ነዳጅ ከሚያመላልሱና መሰል የመሬት አገልግሎት ከሚሰጡ ተሽከርካሪዎች ነበር። ልኬት ባይኖር ኖሮ ጥፋቱ ሁሉ በአውሮፕላኑ ላይ ይወድቅ ነበር፤ መፍትሔውም የተሳሳተ ቦታ ላይ ይፈለግ ነበር።

በኒው ዮርክ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ማረፊያ በነፋስ የመጣውን የአውሮፕላን ጭስ በተሽከርካሪ ቤተ ሙከራ የለኩ ባለሙያዎች ደግሞ፣ አውሮፕላኑ ሲነሣ ከሚወጡት የናይትሮጅን ኦክሳይዶች አብዛኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲሆን፣ በዝቅተኛ ጉልበት ግን ለመተንፈሻ አካል ይበልጥ ጎጂ የሆነው የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ድርሻ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ በ2014 የታተመ ጥናት ነፋስ በሚነፍስበት ወገን እስከ 10 ኪሎ ሜትር ድረስ የጥቃቅን ብናኝ ቁጥር ከአካባቢው በአራት እጥፍ፣ እስከ 16 ኪሎ ሜትር ደግሞ በሁለት እጥፍ ከፍ ብሎ ማግኘቱን አስታውቋል። አጥር ለአየር ድንበር እንደማይሆን ይህ ያስረዳል።

ዘዴው የሚቸገርባቸው ቦታዎች

ከርቀት መለካት ሁሉን የሚፈታ አይደለም። ዝናብና ጭጋግ ጨረሩን ይከለክላሉ። የውኃ ተን በታሕተ ቀይ ጨረር ላይ ራሱ ብዙ ሞገድ ስለሚውጥ የሌሎቹን ጋዞች አሻራ ይጋርዳል። አውሮፕላኖች ተከታትለው ሲያልፉ የአንዱ ጭስ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ትኩስ ጭስን በራሱ ጨረር ለመለካት የጭሱ ሙቀት መታወቅ አለበት፤ ሙቀቱ በስሕተት ከተገመተ መጠኑም ይሳሳታል። እጅግ ጥቃቅን የሆኑትን ብናኞች ደግሞ ብርሃን በሚገባ ስለማይመልሳቸው፣ ቁጥራቸውን ለማወቅ አየሩን የሚስቡ መሣሪያዎች አብረው ይተከላሉ።

ከዚህም በላይ ከርቀት የተገኘ ቁጥር ሞተርን ለማጽደቅም ሆነ ለመጣል በሕግ አያገለግልም። ለዚያ የሚሠራው የመሞከሪያ ሥፍራው ፈተና ነው። የርቀቱ ልኬት ድርሻ ፈተናው የተናገረው በሥራ ላይ ይጸና እንደ ሆነ ማረጋገጥ ነው።

ከፍታ ላይ ያሉ ማረፊያዎች

ለኢትዮጵያ ልዩ ትርጉም ያለው ነጥብ ከፍታ ነው። የአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ የባሕር ዳሩ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በቦሌ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። መሐንዲሶች የመዝገቡን ቁጥር ወደ ሌላ ቦታ ለማሸጋገር በሚጠቀሙበት የስሌት ዘዴ መሠረት፣ የአየር ግፊት ሲቀንስ የካርቦን ሞኖክሳይድና ያልነደደ ነዳጅ መጠቆሚያ ከፍ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ደግሞ ዝቅ ይላል። በሌላ አነጋገር በባሕር ጠለል ልክ የተጻፈ ቁጥር ለደጋ አገር ማረፊያ እንዳለ ቢወሰድ ሊያሳስት ይችላል። ስሌቱ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው በቦታው የሚደረግ ልኬት ነው።

አዲስ ማረፊያ በሚታሰብበት ቦታ፣ ለምሳሌ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ለታቀደው ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ከመድረሱ በፊት ነባሩን አየር ለክቶ መያዝ ከሁሉ የቀለለ ሥራ ነው። ማረፊያው ሥራ ከጀመረ በኋላ «ድሮስ እንዴት ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ሌላ መልስ አይገኝም።

ለነዋሪውና ለገበሬው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በዓመት አማካይ ከ10 ማይክሮ ግራም፣ ከ2.5 ማይክሮን ያነሰው ብናኝ ደግሞ ከ5 ማይክሮ ግራም ባይበልጥ ይመክራል። ለጭሱ ይበልጥ የሚጋለጠው በአውሮፕላን ማቆሚያው ላይ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ሠራተኛ ነው፤ ቀጥሎ ነፋስ በሚያዘወትርበት ወገን የሚኖር ጎረቤት።

ገበሬውን የሚመለከተው መንገድ ረዘም ያለ ነው። የናይትሮጅን ኦክሳይዶችና ያልነደደ ነዳጅ በፀሐይ ብርሃን ተዋሕደው በመሬት አቅራቢያ ኦዞን ይፈጥራሉ። ኦዞን እንደ ስንዴና ባቄላ ያሉ ሰብሎችን ቅጠል የሚጎዳና ምርት የሚቀንስ ጋዝ ነው። ይሁን እንጂ ኦዞን የሚፈጥሩት ጋዞች ከመኪናም፣ ከፋብሪካም፣ ከሌላ ቃጠሎም ይመጣሉ፤ ከአንድ ማረፊያ አጠገብ ያለ ማሳ ቅጠሉ ቢገረጣ አውሮፕላኑ ነው ብሎ ለመደምደም ልኬት ያስፈልጋል። በገጠር ብዙ ቤተሰብ በየቀኑ የሚተነፍሰው የማገዶ ጭስም በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ መሆኑ አይዘነጋም።

የልኬቱ ውጤት ወደ ተግባር ሲለወጥ የሚወሰዱት እርምጃዎች የታወቁ ናቸው። አውሮፕላኑ ሞተሩን አስነሥቶ ከመጠበቅ ይልቅ ተራው ሲደርስ ብቻ እንዲያስነሣ ማድረግ፣ በመሬት ላይ በአንድ ሞተር ማዝገም፣ በማቆሚያ ላይ እያለ በጅራቱ ካለው ትንሽ ሞተር ይልቅ ከሕንፃው በኬብል ኤሌክትሪክ መስጠት፣ የአገልግሎት ተሽከርካሪዎችን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ዋነኞቹ ናቸው። አብዛኞቹ ነዳጅም ስለሚቆጥቡ አየር መንገዱንም ይጠቅማሉ። የትኛው እርምጃ በየትኛው ማረፊያ መቅደም እንዳለበት የሚወስነው ግን፣ ዙሪክ ላይ እንደ ታየው፣ የየትኛው ጋዝ ምንጭ ማን እንደ ሆነ የሚያሳየው ልኬት ነው።